አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ቤቱን በልጅ ስም ከማዞራችሁ በፊት

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ እናትና አባቶቻችን እድሜያቸው ሲገፋ "ቤቱን በልጄ ስም ላዙረውና ልረፍ" ብለው ኩዊትክሌም ዲድ (ቤቱን ወደ ሌላ ሰው ስም የሚያዞር ሰነድ) ፈርመው ያስመዘግባሉ፣ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ፣ አንዴ ካለፈ ልጁ ካልፈረመ አይመለስም።

ሁሉም ሰው የሚፈራው ጊፍት ታክስን (የስጦታ ግብርን) ነው፣ እሱ እንኳን ብዙ አያስፈራም። ኑሮው እዚሁ የሆነ ወላጅ ከ2026 ጀምሮ በህይወት ዘመኑ እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ያለ ፌደራል ታክስ መስጠት ይችላል። ግን ለአንድ ልጅ በአመት ከ19,000 ዶላር በላይ ሲሰጥ ፎርም 709 ሞልቶ ለአይአርኤስ (ለፌደራሉ የግብር መስሪያ ቤት) ማሳወቅ አለበት፣ ቤት ደግሞ መቼም ከዛ ይበልጣል።

ገንዘቡን የሚበላው ካፒታል ጌይን ታክስ ነው፣ ቤት ሲሸጥ በትርፉ ላይ የሚከፈለው። እንበልና አሌክሳንድሪያ ላይ በ1999 በ170,000 ገዛችሁ፣ ጣሪያና ኪችን ለማሳደስ 30,000 አወጣችሁ፣ ዛሬ 700,000 ያወጣል። በህይወት እያላችሁ ከሰጣችሁት ልጁ የሚይዘው የናንተን የድሮ ዋጋ ነው፣ 200,000፣ ስለዚህ ሳይኖርበት ሲሸጠው 500,000 አተረፍክ ይባላል፣ በ15 ፐርሰንት ብቻ ብናሰላው ለፌደራል 75,000 ዶላር ነው፣ የስቴቱ ሳይጨመር። በውርስ ቢያገኘው ግን የሚያዘው የሞታችሁ ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፣ ቶሎ ከሸጠው ታክስ የለበትም ማለት ይቻላል። ስለ ሞት ማውራት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ያ ሁሉ የናንተ ላብ ነው።

እናቴ የቤት ደረሰኞቿን በብስኩት ጣሳ ነበር የምታስቀምጠው፣ የጣሪያው ደረሰኝ ቀለሙ ጠፍቶ በመስኮት ብርሃን ነው ያነበብነው። ዛሬውኑ አውጡና በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ያ የ30,000 ማስረጃ ከሌለ ታክስ የሚሰላው በ530,000 ላይ ነው።

ሌላው፣ ቤቱ በልጁ ስም ከሆነ በኋላ ልጁ ቢፋታ ወይ ቢከሰስ ቤቱም አብሮ ሊነካ ይችላል። ቨርጂኒያና ዲሲ ላሉ ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ የሚባል አለ፣ ቤቱ እስከ መጨረሻው የናንተ ነው፣ ሀሳባችሁን ብትቀይሩ ትሰርዙታላችሁ፣ ስትሞቱ ያለ ፕሮቤት (ያለ ፍርድ ቤት የውርስ ሂደት) ለልጁ ያልፋል። ግን በህይወት እያላችሁ መመዝገብ አለበት፣ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይሰራም። ሜሪላንድ ያላችሁ ስለ ላይፍ እስቴት (እስክትሞቱ የመኖር መብታችሁን ይዛችሁ ማስተላለፍ) እና ስለ ትራስት (ንብረት በአደራ የሚያዝበት ውል) የውርስ ጠበቃ አማክሩ።

ሜዲኬይድንም (አቅም ለሌላቸው የሚሰጠውን የመንግስት የጤና ሽፋን) አትርሱ። ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን ማስታመሚያ) ገብታችሁ ስታመለክቱ የ5 አመት ወደኋላ ያያሉ፣ በዛ ውስጥ ቤት ሰጥታችሁ ከተገኘ ሽፋኑ ለተወሰነ ጊዜ ሊከለከል ይችላል። አብሯችሁ እየኖረ ከመግባታችሁ በፊት ቢያንስ 2 አመት ላስታመማችሁ ልጅ ግን ቤቱን መስጠት ሊፈቀድ ይችላል፣ ስለዚህ እናቱን የሚያስታምም ልጅ በዛ አድራሻ የሚመጣለትን ፖስታና የሀኪም ደብዳቤ ከአሁኑ ያስቀምጥ።