ብሬዛኦላ ቋንጣ አይደለም፦ ችግሩና መፍትሄው

የመጀመሪያው ብሬዛኦላዬ (የጣሊያኖቹ ድፍን የደረቀ የከብት ስጋ) ከውጭ እንጨት፣ ከውስጥ ጥሬ ነበር። ሚላኖ ክረምት ነው፣ ቤቱ ደረቅ ነው። «ስጋ ማድረቅማ ለኔ» ብዬ ልክ እንደ ቋንጣ ማሞቂያው አጠገብ ሰቀልኩት። በሳምንቱ ጠጠር አለ። ደስ አለኝ። በአራተኛው ሳምንት ስቆርጠው መሃሉ ወይን ጠጅ መስሎ ይዝለገለጋል፣ ሽታውም አያስጠጋም። በቀጥታ ወደ ቆሻሻ።

ከዚያ ወዲህ የወዳጆቼን ሙከራ ሳይ፣ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ከቋንጣ ልማዳችን ይመጣል። ቋንጣ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ መድረቁ ይጠቅመዋል። ብሬዛኦላ ግን ኪሎ ተኩል የሚሆን ድፍን ስጋ ነው። ከቸኮለ ይበላሻል።

ለማታውቁት፣ ብሬዛኦላ በሰሜን ጣሊያን በቫልቴሊና ሸለቆ፣ ሶንድሪዮ አካባቢ የሚሰራ በጨው ተይዞ የሚደርቅ የከብት ስጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው። እንደ ፕሮሹቶ ከአሳማ ስላልሆነ እኛ ቤት ያለ ክርክር ይገባል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰሩት ከብራዚል በሚመጣ የዜቡ ስጋ ነው። ዜቡ ማለት እንደ አገራችን ከብት ሻኛ ያለው ነው። ሻኛ ያለው ከብት አልፕስ ተራራ ስር ሄዶ ታዋቂ ሆነ እንበል።

ውጩ ድንጋይ፣ ውስጡ ለስላሳ

መንስኤው ደረቅ አየር ወይም ነፋስ ነው። ላዩ ቶሎ ደርቆ ቅርፊት ይሰራል። የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል። ስጋው የሚፈልገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሙቀትና ከ70 እስከ 75 በመቶ እርጥበት ነው። አሮጌ የወይን ፍሪጅ፣ ውስጡ ጨዋማ ውሃ የያዘ ሳህንና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። ማራገቢያ ካለ ስጋው ላይ በቀጥታ አይንፋ።

ቅርፊቱ ከተሰራ በኋላስ? ስጋው ከመጀመሪያው ቀዝቃዛ ቦታ የቆየ፣ ናይትራይት (ስጋ እንዳይበላሽ የሚጨመር ውህድ) ባለው ጨው የተያዘና ሽታው ጤናማ ከሆነ ይድናል። አየሩ የወጣለት ፕላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ተዉት። እርጥበቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዳረሳል። እንደኔ ሙቀት ላይ የተሰቀለ ከሆነ ግን ለመቅመስ እንኳ አትሞክሩ። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ በማሽተትም በመቅመስም ላይታወቅ ይችላል።

ደረሰ ወይስ አልደረሰ?

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። ከመሰቀሉ በፊት መዝኑትና ክብደቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሲባጎው ጋር እሰሩት። ከ35 እስከ 40 በመቶ ሲቀንስ ደርሷል። 1500 ግራም የነበረው 975 ወይም 900 ግራም ሲሆን ማለት ነው። ከሶንድሪዮ የመጡ አንዲት ሲኞራ ጎረቤቴ ሚዛን አይነኩም። አውራ ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጫኑበትና አንድ ቦታ ላይ ሲሰምጥባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ገና ነው።» ሚዛኑም እስካሁን አላሳፈራቸውም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በቅበላ ጨው ውስጥ አስገባዋለሁ። ሁለት ሳምንት በጨው፣ ወደ ስድስት ሳምንት ተሰቅሎ፣ 55ቱ የጾም ቀናት ሲያልቁ ለፋሲካ ይደርሳል። በመሃል መቅመስ የለም፣ ስለዚህ በሚዛን ማመን ግድ ነው።

ጨው በዛበት

በእፍኝ ተለክቷል። ቋንጣ ላይ የእናት እጅ ይበቃል፣ እዚህ ግን አይበቃም። በኪሎ ስጋ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ ከሱ ጋር 6.25 በመቶ ናይትራይት ያለበት የስጋ ማቆያ ጨው 2.5 ግራም። ይህኛው የግራም ክፍልፋይ በሚለካ ሚዛን ብቻ ነው፣ ሲበዛ መርዝ ነው። ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ብዙ ጊዜ ሮዝ ቀለም ይደረግበታል። ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና የጥድ ፍሬ ጨምራችሁ በከረጢት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በየቀኑ ይገላበጥ። ጨዋማ ሆኖ ከደረቀ ማስተካከያ የለውም። በጣም ስስ አድርጎ ቆርጦ ጨው ከሌለው ዳቦ ጋር መብላት ነው።

መሃሉ ላይ ግራጫ ክብ ከታየ ጨውና ናይትራይቱ መሃል ድረስ አልደረሱም። ወፍራም ስጋ በአምስት ቀን አይያዝም። እንዲህ ያለውን እኔ አልበላም።

ሻጋታ

ነጭ፣ ደረቅና እንደ ዱቄት ከሆነ አትደንግጡ፣ የሚፈለግ ነው። ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ካለ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጉና እርጥበቱን ቀንሱ፣ ስጋዎቹም እንዳይነካኩ አራርቋቸው። ጥቁር ከሆነ ወይም ላዩ ካዝለገለገ ይጣል።

ሲቆረጥ እንደ ቤንዚን ጠብታ አረንጓዴና ወርቃማ ካብለጨለጨስ? ምንም አይደለም። ብርሃን የተቆረጡት የስጋ ክሮች ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ነው። ጥሬ ስጋ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል።

አገር ቤት ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮሶ። ስጋውን ጨው ከማስነካታችሁ በፊት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። በበጋ የአዲስ አበባ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነም በረንዳ ላይ አትስቀሉት።

ሳህን ላይ ጠቆረ

ሎሚው ቀድሞ ፈሶበታል። አሲዱ ስጋውን ቡናማ ያደርገዋል። የወይራ ዘይቱንም ሎሚውንም እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ጠብ አድርጉ። ሲኞራዋ ግን ሎሚ የሚባል ነገር አያስጠጉም። በአጃ ዳቦ ብቻ ነው የሚበሉት። ባለፈው ሳህኔ ላይ የሎሚ ቁራጭ አይተው በሁለት ጣታቸው አንስተው ሻዬ ውስጥ ጨመሩት።