ሌቪቴት ክንፍ አይሰጥም፦ አንሳፋፊውን ድግምት ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምመራው የዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ (ሁሉም የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ በምናብና በዳይስ የሚጫወትበት) ጨዋታ ላይ አንድ ምሽት ተጫዋቾቹ የተሰበረ ድልድይ ገጠማቸው። ክፍተቱ 30 ጫማ ነው፣ ሥሩ ገደል። አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ጊዜ ሳታጠፋ «ሌቪቴት አደርግና እሻገራለሁ» አለች። ገጸ ባሕርይዋ 20 ጫማ ወደ ላይ ተነሳችና እዚያው አየር ላይ ቀረች። ወደ ፊት የሚወስዳት ምንም ነገር አልነበረም። ጠረጴዛው ዙሪያ ክርክር ተነሳ፤ ግማሹ «ታዲያ ምን ሊጠቅም ነው?» አለ፣ ግማሹ «ትንሽ ተንጠራርታ ብትዋኝስ?» አለ።

ያንን ክርክር ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሌቪቴት ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ጀምሮ ያለ ድግምት ነው። እዚህ የማወራው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለወጣው የአምስተኛው እትም ሕግ ነው። እንደዚያ ሕግ ድግምቱ 2ኛ ደረጃ ነው፤ በ60 ጫማ ርቀት ውስጥ የምታዩትን አንድ ፍጡር ወይም ያልታሰረ አንድ ዕቃ እስከ 20 ጫማ ያነሳል፣ እስከ 500 ፓውንድ ይሸከማል፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ ይቆያል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከእነዚህ ጥቂት ቃላት አንዱን ከመዝለል ነው።

መንሳፈፍን ከመብረር ጋር ማምታታት

ሌቪቴት እንደ ጉድጓድ ባልዲ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወደ ጎን ለመሄድ የተንሳፈፈው ሰው እጁ የሚደርስበት የማይነቃነቅ ነገር ይፈልጋል፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የዛፍ ግንድ። ያንን እየገፋ ወይም እየሳበ፣ ገደል ላይ እንደሚንጠላጠል ሰው ይጓዛል። ፍጥነቱም የዚያው ያህል ነው፤ በአንድ ተራ 30 ጫማ የሚራመድ ገጸ ባሕርይ 15 ጫማ ብቻ ይሄዳል። እንደ ልብ መብረር የሚሻ 3ኛ ደረጃ ላይ ያለውን ፍላይ የተባለውን የመብረር ድግምት ይጠብቅ፤ እሱ በተራ 60 ጫማ ያስኬዳል።

ይህን ገደብ እንደ ቅጣት የሚቆጥሩ ተጫዋቾች አሉ። ለእኔ ግን የድግምቱ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚበር ሰው ክፍሉን አያየውም፣ አቋርጦት ያልፋል። የሚንሳፈፍ ሰው ግን ዲኤሙን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውን ሰው፣ መጠየቅ አለበት፦ ጣሪያው ስንት ጫማ ነው? ምሰሶዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? መቅረዙ የተሰቀለበት ሰንሰለት ይደርስብኛል? ከግድግዳ ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ ሰንሰለት እየተሳበ ጠባቂዎቹ አናት ላይ ያለፈ ሌባ ባለፈው ዓመት በጠረጴዛዬ ካየኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መውረድም እንዲሁ ነው። አፋፉን ገፍታችሁ መሃል ላይ ከሆናችሁ በኋላ በየተራው 20 ጫማ እየወረዳችሁ፣ ደስ ያላችሁ ቦታ ላይ ቆማችሁ ግድግዳውን መመርመር ትችላላችሁ። ፌዘር ፎል፣ ማለትም የሚወድቅን ሰው በዝግታ የሚያወርደው ድግምት፣ 1ኛ ደረጃ ስለሆነ ይረክሳል፤ ነገር ግን አውራጅ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ አያቆምም፣ መልሶም አያወጣም።

ጠላት ከተነሳ አለቀለት ብሎ ማሰብ

ይህ ስህተት ሰው ሲያስገድል አይቻለሁ፤ በጨዋታው ውስጥ ማለቴ ነው። አስማተኛው ኦገር የተባለውን ግዙፍ ጭራቅ አነሳው፣ ጓደኞቹም ድል ያደረጉ መስሏቸው ከሥሩ ቆመው ቀስት መሳብ ጀመሩ። ኦገር ግን ጦር ይወረውራል፣ እስከ 30 ጫማ ያለ ምንም ችግር፣ ከዚያም አልፎ እስከ 120 ጫማ ማነጣጠር እየቸገረው። ተንሳፋፊ ፍጡር አልታሰረም፣ አልደነዘዘም። እጁ፣ አፉና ዓይኑ ይሠራሉ። የጠላት አስማተኛን ማንሳትማ ይብሳል፤ ከድንጋይ ኋላ የተደበቃችሁትን ሁሉ ከላይ ቁልቁል እንዲያይ ማማ ሠራችሁለት ማለት ነው።

ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት «ይህ ጠላት ከሩቅ ምን ማድረግ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተኩላ መንከስ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ 10 ጫማ ከፍ ካለ ጉዳዩ አበቃ። ዞምቢም በእጁ ከመምታት ሌላ አያውቅም። እንዲህ ያለው ላይ ድግምቱ ጨካኝ ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቾች ሴቭ የሚሉት የመቋቋሚያ ዳይስ የሚጣለው አንዴ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ሌሎች ብዙ ድግምቶች ለጠላት በየተራው ሌላ ዕድል ይሰጡታል፤ ሌቪቴት አይሰጥም። 10 ደቂቃ ደግሞ በውጊያ ሲቆጠር 100 ዙር ነው።

ችግሩ ያ አንድ ዳይስ በኮንስቲቲዩሽን፣ በአካል ጽናት፣ መጣሉ ነው። ግዙፍና ጡንቸኛ ጠላት በዚህ ጠንካራ ነው፤ ኦገሩም ዞምቢውም 3 ይጨምራሉ፣ ተኩላው 1 ብቻ። በዚያ ላይ 500 ፓውንድ ማለት ወደ 227 ኪሎ ነው። የጭራቆች መጽሐፍ የየፍጡሩን ክብደት ስለማይሰጥ ዲኤሙን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ድግምቱን ካባከናችሁ በኋላ አይደለም።

ከግድግዳ አጠገብ ማንሳት

አጭር ነው፦ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ዋሻ ውስጥ ወይም ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጠላትን አታንሱ። የምትጠቀሙበትን ዘዴ እሱም ይጠቀምበታል፤ ጣሪያውን እየገፋ ይመጣባችኋል። ሜዳ መሃል ይሁን።

ከላይ ወርውሬ እፈጠፍጠዋለሁ ማለት

በጨዋታው ሕግ የሚወድቅ ሰው ለየ10 ጫማው በባለ 6 ጎን ዳይስ አንዴ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጠላትን 60 ጫማ ሰቅሎ ድግምቱን ማቋረጥ ያምረዋል። አይሠራም። ሌቪቴት ሲያበቃ የተነሳው ነገር እንደ ላባ በዝግታ መሬት ይደርሳል። በሩ ላይ ሊጭኑት የሰቀሉት ቋጥኝም እንዲሁ ቀስ ብሎ ያርፋል።

ይህ ግን ለወዳጅ ትልቅ ስጦታ ነው። በፍላይ የሚበር ጓደኛችሁ ድግምቱ ድንገት ከተቋረጠ ይወድቃል፤ በሌቪቴት የተነሳው አይወድቅም። የቆሰለን ሰው ከፍ ወዳለ ገደል ለማውጣት እኔ ሁልጊዜ ሌቪቴትን እመርጣለሁ።

ትኩረትን መርሳት

ሌቪቴት ኮንሰንትሬሽን ይጠይቃል። አስማተኛው ኢንቪዚቢሊቲን የመሰለ ሌላ ትኩረት የሚሻ ድግምት ሲጀምር የመጀመሪያው ይቋረጣል፤ ስለዚህ አንድ አስማተኛ ብቻውን ተሰውሮም ተንሳፍፎም ሊቆይ አይችልም፤ አንዱን ጓደኛው ይሥራለት። ሲመታም ዳይስ ይጥላል፤ 10 ወይም የደረሰበትን ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ ማግኘት አለበት። ተኩላውን ሰቅላችሁ ፊት ለፊት አትቁሙ። በሚቀጥሉት 100 ዙሮች ተኩላው የሚወርደው እናንተ ተመትታችሁ ትኩረታችሁ ሲቋረጥ ነው።

ራሳችሁን ስታነሱ ከፍታ መቀየር የእርምጃችሁ አካል ነው፤ ሌላውን ስታንቀሳቅሱ ግን የተራችሁን ዋና ድርጊት ይወስዳል። ሰቅሎ መተው ምንም አያስከፍልም። ራሳችሁን ካነሳችሁ የ60 ጫማው ርቀት አይገድባችሁም፤ በየዙሩ 20 ጫማ እየጨመራችሁ በ10 ደቂቃ 2,000 ጫማ ትደርሳላችሁ። አገር ምድሩን ለማየት ከዚህ የተሻለ ማማ አላውቅም፣ ቀስተኛ ካላያችሁ።

ዲኤም ሆኖ ሕጉ ያላለውን ሁሉ መከልከል

ይህኛው ለእኛ ለምንመራው ነው። ሕጉ የተነሳው ሰው ራሱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል እንጂ ሌላ ሰው በገመድ ቢጎትተውስ ለሚለው መልስ አይሰጥም። አንዳንዱ ዲኤም «አልተጻፈም» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ለእኔ ያሳዝናል፤ ተጫዋች በራሱ ጭንቅላት ያገኘውን ሐሳብ መዝጋት ነውና። በእኔ ጠረጴዛ ይፈቀዳል፤ ጎታቹ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፣ አስማተኛውም ከ60 ጫማ ሳይርቅ አብሮ ይጓዛል። ከባድ ሣጥንም ሆነ የቆሰለ ሰው እንዲህ ይጓጓዛል። በተንሳፈፈ ጠረጴዛ ላይ ሰው ልጫን ሲሉኝ ደግሞ ጠረጴዛውንም ሰዎቹንም አንድ ላይ ከ500 ፓውንዱ እቆጥራለሁ፤ ሦስት ትጥቅ የለበሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አያልፉም።

የዚያን ምሽት ድልድዩን የተሻገሩትም በዚሁ ነው። ሌባው ባለ መንጠቆ ገመድ ወርውሮ ማዶ ካለ የደረቀ ዛፍ ጋር አያያዘ፣ ይህንን ጫፍ ከድልድዩ ምሰሶ አሰረው፣ በእጁ እየተንጠላጠለ ተሻገረ። ተዋጊው ግን ባለፈው ውጊያ ራሱን ስቶ ነበር፤ ገመድ ሊይዝ አይችልም። አስማተኛዋ የቀራትን የመጨረሻ 2ኛ ደረጃ ድግምት ለራሷ አልተጠቀመችበትም። ወገቡን በሌላ ገመድ አስራ አነሳችው፣ ሌባው ከማዶ ሳበው። በሁለት ተራ ገደሉን አለፈ። ከዚያ እሷ ገመዱን በባዶ እጇ ይዛ ዳይሱን ጣለች፣ 14 ወጣላት።