አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ደንበኛ ሲሠሩ፦ ቅጹ፣ ቪዛውና ግብሩ እንዴት ይያዛል?

ከውጭ ደንበኛ ጋር ሊዋዋል የተቃረበ ፍሪላንሰር ሁልጊዜ የሚጨነቀው ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚገባለት ነው። ቪዛውንም ግብሩንም የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሥራውን ሲሠሩ የተቀመጡት የት ነው? ቦሌ ቤትዎ ሆነው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ላለ ድርጅት ሶፍትዌር ቢጽፉ አንድ ሕግ፣ ዴንቨር ሄደው እዚያው ቢሮ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢሠሩ ሌላ ሕግ ነው የሚገዛዎት። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። በምሳሌነት በዋናነት የአሜሪካ ደንበኛን ይዘናል።

1. ውሉ ላይ ቦታውን ያጽፉ

«አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ይግባ። በአሜሪካ ሕግ የአገልግሎት ክፍያ ምንጩ አገልግሎቱ የተሰጠበት አገር ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ የሠራው ሥራ እዚያ ግብር አይቆረጥበትም። አሜሪካ ተገኝተው የሚሠሩት ቀን ካለ ዋጋውን በኢንቮይሱ ላይ ለብቻው ያስቀምጡ። ከተደባለቀ የደንበኛው ሒሳብ ክፍል ከጠቅላላው 30 በመቶ ቀንሶ ሊልክልዎ ይችላል።

2. ደብሊው-8ቤን ይሙሉ

ደብሊው-8ቤን ለአሜሪካ ግብር ሲባል የውጭ አገር ሰው መሆንዎን የሚያረጋግጡበት ቅጽ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ የሚልክልዎ ይህን ነው። ደብሊው-9 ከላከልዎ ተሳስቷል፣ አይፈርሙ። እሱ ለአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች ነው። የሚሠሩት በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ከሆነ ደግሞ ደብሊው-8ቤን-ኢ የሚባለው ነው የሚሞላው።

መስመር 1 ላይ ስምዎ በፓስፖርትዎ እንዳለ እስከ አያት ይጻፍ። መስመር 3 ፖስታ ሳጥን አይቀበልም። እኛ አገር አድራሻ ሲባል ፖስታ ሳጥን መጻፍ ስለለመድን ብዙ ቅጽ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ይጻፉ። መስመር 5 ባዶ ይቀራል። መስመር 6 ላይ ባለ 10 አሃዙ የኢትዮጵያ ቲን ቁጥርዎ ይገባል። የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ ቅደም ተከተሉ ወር፣ ቀን፣ ዓመት ነው። መስመር 9 እና 10 የግብር ስምምነት ላላቸው አገሮች ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ይህን ስምምነት ስላልተፈራረሙ ባዶውን ይተዉት። «ዜሮ በመቶ» ብሎ መሙላት የሚጠቅም ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቅጹን ዋጋ ማሳጣት ብቻ ነው።

ቅጹ የሚሰጠው ለደንበኛው እንጂ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) አይደለም። በ2026 የተፈረመ ቅጽ እስከ 2029 መጨረሻ ያገለግላል፤ አድራሻ ከተቀየረ ግን ያኔውኑ ይታደሳል።

አንድ ልዩነት አለ። ዩቲዩብ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ክፍያው እንደ አገልግሎት ሳይሆን እንደ ሮያልቲ (በፈጠራ ሥራ ለመጠቀም የሚከፈል ገንዘብ) ይታያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆነው ቢሠሩትም ከአሜሪካ ተመልካች በመጣው ገቢ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። የግብር መረጃ ጭራሽ ካልሞሉ ዩቲዩብ ከዓለም ዙሪያ ካገኙት ሁሉ እስከ 24 በመቶ ሊቆርጥ ይችላል።

3. ገንዘቡን በባንክ ያስገቡ

ኢንቮይሱ ላይ ያለው ስም፣ ቅጹ ላይ ያለው ስምና የባንክ ሒሳቡ ስም በአንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለባቸውም። በስዊፍት (ባንኮች ከአገር አገር ገንዘብ በሚላላኩበት መረብ) የተላከ ገንዘብ መሀል መንገድ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በዚህ ነው። መሀል ያሉት ባንኮችም የየድርሻቸውን ስለሚቆርጡ የማስተላለፊያው ወጪ በላኪው እንዲሸፈን ቀድመው ይስማሙ።

አሜሪካ ባለ ዘመድ ሒሳብ ተቀብሎ እዚህ በጥቁር ገበያ መመንዘር የተለመደ ነው፤ ከሕግ ውጭም ነው። የሚያስከትለው ጣጣ የሚታየው ቪዛ ሲጠይቁ ነው። ቆንስላው የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ሲጠይቅ የሚያሳዩት ገቢ አይኖርዎትም።

4. መሄድ ካለብዎ

የአሜሪካ ቢ-1 ቪዛ ለስብሰባ፣ ለውል ድርድርና ለኮንፈረንስ ነው። የማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ሲሆን ቢከለከሉም አይመለስም። የደንበኛው ቢሮ ገብቶ ኮድ መጻፍ ወይም ቪዲዮ ማቀናበር አይፈቅድም። ሰው የሚጠመደው በግብዣ ደብዳቤው ነው። ደንበኛው በቅንነት «መጥቶ እንዲሠራልን» ብሎ ይጽፋል፣ ቆንስላውም ቪዛውን ይከለክላል። ደብዳቤው የስብሰባውን ርዕስ፣ ቀኑን እና ወጪውን ማን እንደሚችል በእውነቱ ልክ ይናገር። በእርግጥ እዚያ መሥራት ካለብዎ ደንበኛው እንደ ኤች-1ቢ ያለ የሥራ ቪዛ ሊያመለክትልዎ ይገባል። ፍሪላንሰር ይህን ለራሱ ማመልከት አይችልም።

ለሸንገን፣ ማለትም ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጥሏል። ማመልከቻው የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ትንሹ ነው። እስከ ስድስት ወር ቀድሞም ይቻላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ቆይታው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። የገቡበትና የወጡበት ቀንም ይቆጠራል።

ጀርመን ተቀምጦ በፍሪላንስ መኖር ለሚፈልግ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 21 መንገድ ይሰጣል። ፈቃዱ እስከ ሦስት ዓመት ሊሰጥ ይችላል። ከ45 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግን በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት አለበት። ወደ ዱባይ በጉብኝት ቪዛ ሄዶ መሥራት ክልክል ነው። ለርቀት ሠራተኛ የሚሰጠው የአንድ ዓመት መኖሪያ ፈቃድ የወር ገቢ 3,500 ዶላር ይጠይቃል።

5. እዚህ ያለው ግብር

አሜሪካ አልቆረጠችም ማለት ግብር የለም ማለት አይደለም። ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ከየትም ባገኘው ገቢ ይገብራል። ስለዚህ ቲን ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ከመጀመሪያው ኢንቮይስ በፊት ይውጣ።

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2017ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑትን ለብቻ ለይቷል። 2 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል እንጂ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ በወር ከ1,000 ዶላር ብዙም የማይርቅ ገቢ ያደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው የሒሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ላይ እስከ 35 በመቶ ይከፍላል፣ የሚያሳውቀውም እስከ ጥቅምት 30 ነው። የኢንተርኔት፣ የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ወጪ የሚቀነሰው ደረሰኝ ካለው ነው። በካርድ የከፈሉትን ወርኃዊ የሶፍትዌር ክፍያ ደረሰኝ ከኢሜይልዎ ላይ በየወሩ ያውርዱ።

ወደ ውጭ የሚላክ አገልግሎት ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላበት በዜሮ ምጣኔ ነው። ማስረጃውም ውሉና የባንክ ሰነዱ ነው።

ግሪን ካርድ ይዘው አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ደንቡ ይገለበጣል። የሚሞሉት ደብሊው-9 ነው፣ ለአሜሪካም ዓለም አቀፍ ገቢዎን ያሳውቃሉ። ከ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከኖሩ ለ2025 እስከ 130,000 ዶላር የሚደርስ ገቢ ከገቢ ግብር ነፃ ሊሆን ይችላል። በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ለማኅበራዊ ዋስትናና ለጤና መድን የሚከፍሉት የ15.3 በመቶ ግብር ግን አይነሳም። ብዙዎች የሚደነግጡት ይህን ሲሰሙ ነው።

ደንበኛው ሳይገባው 30 በመቶ ቆርጦ ከሆነ ዓመቱ ሳያልቅ ደብሊው-8ቤኑንና ውሉን አያይዘው እንዲያስተካክል ይጠይቁ። ካለፈ በኋላ ምን ያህል እንደተቆረጠብዎ የሚያሳየውን፣ 1042-ኤስ የሚባለውን ሰነድ ይጠብቁ። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ማርች 15 ሊሰጥዎ ይገባል። ገንዘቡን ለማስመለስ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የተዘጋጀውን የግብር ማሳወቂያ 1040-ኤንአር መሙላት፣ የአሜሪካ የግብር መለያ ቁጥር ከሌለዎትም ማመልከቻውን ደብሊው-7 አብሮ ማስገባት ያስፈልጋል። አሜሪካ ሄደው በሠሩት ሥራ ላይ በሕጉ መሠረት የተቆረጠ ከሆነ ግን ይኸው ሰነድ እዚህ ከሚከፍሉት ግብር ላይ ለማካካስ ስለሚጠየቅ ዋናውን አይጣሉት።