የጤና ዳሽቦርድ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰው የጤና ዳሽቦርድ፣ ማለትም የበሽታን ሁኔታ በቁጥር፣ በካርታና በግራፍ የሚያሳይ ገጽ፣ የሚከፍተው ጥያቄ ይዞ ነው። በሽታው እኛ አካባቢ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ልጄን ትምህርት ቤት ልላከው ወይስ ላቆየው? ብዙ ዳሽቦርዶች ግን የሚመልሱት የሠሯቸውን ባለሙያዎች ጥያቄ ነው። ስህተቶቹም ከዚህ ይጀምራሉ።

ድምርን አናት ላይ መስቀል። በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተያዙት ሰዎች ድምር ነው። ድምር ደግሞ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኮቪድ ዳሽቦርድ ሲከፈት፣ ጥቁር ካርታ ላይ እያበጡ የሚሄዱ ቀይ ክቦች አየን። ውለታው ትልቅ ነው። ግን ክቦቹ ያኔ የሚያሳዩት ድምር ስለነበር፣ በሽታው ጋብ ያለበት ቦታም ቀይ እንደሆነ ይቀር ነበር። አናት ላይ የዚህን ሳምንት ቁጥር ካለፈው ሳምንት ጋር አነጻጽራችሁ አስቀምጡ። ድምሩ ወደ ታች ይውረድ።

የሕዝብ ብዛትን መርሳት። አንድ ሚሊዮን ሰው ያለበት ከተማ 400 ታማሚ፣ 2,000 ሰው ያለባት መንደር 40 ታማሚ አላቸው እንበል። ካርታው ላይ ከተማው ያስፈራል። በእውነቱ ግን ከተማው ውስጥ የታመመው ከ2,500 ሰው አንዱ ነው፤ መንደሯ ውስጥ ከ50 አንዱ። «በ100,000 ሰው» የሚለው አገላለጽ ለባለሙያ ይመቻል። ለሌላው ሰው «ከ50 አንዱ» ቶሎ ይገባል።

ባዶንና ዜሮን ማምታታት። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሪፖርት ያልላከ ጤና ጣቢያ «0» ተብሎ ከተሳለ፣ በሽታ የለም ብለን ዋሽተናል ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 መጨረሻ ላይ የምርመራ ውጤት የሚገባበት የኤክሴል ፋይል ከአቅሙ በላይ በመሙላቱ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ቁጥሩ ውጭ ቀርተው ነበር። ከእነሱ ጋር የተነካኩ ሰዎችን ፍለጋም ዘገየ። ዳታ ከሌለ «ሪፖርት አልደረሰም» ብላችሁ ጻፉ። ቦታውንም በግራጫ ቀቡት።

የዕለቱን ቁጥር ብቻውን መሳል። ቅዳሜና እሁድ ሪፖርት ይቀንሳል፣ ከዚያ ይከመራል። መስመሩ የሰባት ቀን አማካይ ይሁን።

ቀለም ላይ ብቻ መተማመን። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀለም የመለየት ችግር አለበት፤ በተለይ ቀይና አረንጓዴን። ከቀለሙ ጎን «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የሚል ቃል ጨምሩበት።

በኮምፒውተር ብቻ ማየት። ማውስ ሲያርፍበት ብቻ ብቅ የሚል ማብራሪያ ስልክ ለያዘ ሰው የለም ማለት ነው።

ለሰው ሳያሳዩ መልቀቅ። አንድ ጊዜ የሠራነውን ገጽ ለአንዲት እናት በስልኳ ከፍቼ ሰጠኋት። ዝም ብዬ አየኋት። ካርታውን በአውራ ጣቷ አልፋው ግራፉ ላይ ቆመች። የመጨረሻዎቹን ቀናት ቁልቁል የወረደ መስመር ስታይ ፊቷ በራ። «እሰይ፣ ቀንሷል!» አለች። አልቀነሰም። የእነዚያ ቀናት የምርመራ ውጤት ገና ተጠቃሎ ስላልገባ ነው። እኛ ይህን ስለምናውቅ ማናችንም ልብ አላልነውም ነበር። በዚያው ቀን የመጨረሻዎቹን አምስት ቀናት በተቆራረጠ መስመር ሳልናቸው፤ ከላዩም «ገና እየተሰበሰበ ያለ» ብለን ጻፍንበት።