የአልፕስ አበባን ከዘር ስናበቅል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስዊዘርላንድ በረንዳዬ ላይ መጀመሪያ የዘራሁት ጄንሺያን በዚያ ዓመት አንዱም አልበቀለም። ያቺ ሰማያዊ የተራራ አበባ ናት። ዘሩን ረገምኩት። በኋላ ሳየው ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ትልቁ ስህተት ዘሩን ያለ ክረምት መዝራት ነው። ክረምት ስል የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን በረዶ የሚከመርበትን ነው። የጄንሺያን ዘር የሚደርሰው ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ያኔውኑ ቢበቅል ቡቃያውን ውርጭ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዘሩ እርጥብ ብርድ ለሳምንታት ካላገኘ አይነቃም። እኔም ይህን ሰምቼ እሽጉን እንዳለ ሁለት ወር ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለካ ደረቅ ዘር ስንት ወር ቢቀዘቅዝ ጥቅም የለውም፤ መጀመሪያ ውሃ መጠጣት አለበት። በትንሽ እርጥብ አሸዋ ለውሱት፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፣ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አቆዩት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሆንም። እናቴ በስልክ ስነግራት «ምነው ልጄ፣ ዘር ከወተት ጋር ፍሪጅ ይገባል እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።

አሁን እንኳ ፍሪጁንም ትቼዋለሁ። ጥር ላይ ዘርቼ ፖቱን ውጭ አወጣዋለሁ፣ በረዶው ይወርድበታል፣ አለቀ።

ሁሉንም በአንድ መንገድ ማየትም ያሳስታል። ኤደልቫይስ፣ ያ ነጭ ፀጉራም የአልፕስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ ብርድ ሳይጠይቅ በሁለት ሦስት ሳምንት ብቅ ይላል። ፑልሳቲላ የምትባለው የተራራ አበባ ደግሞ ትኩስ ዘር ነው የምትወደው፤ እንደደረሰ ካልተዘራና መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ያኮርፋል። (ዘር ግዙ እንጂ ከተራራ አትልቀሙ፤ በብዙ ቦታ ክልክል ነው።)

አፈር ማልበስ ሌላው ጥፋት ነው። የኤደልቫይስና የጄንሺያን ዘር እንደ በርበሬ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በተኑትና ደቃቅ ጠጠር በስሱ ነስንሱበት። ከላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ዘሩ ሁሉ ተጠርጎ ጥግ ይሰበሰባል። ፖቱን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት፤ የላዩ አፈር ሲጠቁር አውጡት።

አፈር ማወፈርስ? ይህ የፍቅር ስህተት ነው። ኤደልቫይስ ኮምፖስት ሲበዛለት ቀጥኖ ይረዝማል፣ ያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ፀጉሩም ይሳሳና አረንጓዴ ይሆናል። ግማሹ ኮምፖስት፣ ግማሹ ሻካራ አሸዋና ጠጠር ይሁን።

አንድ ጓደኛዬ «አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በደንብ ይበቅላል አይደል?» ብሎኛል። ከፍታ ብቻውን ክረምት አይሆንም፣ ዘሩን በፍሪጅ ማታለል ግን ይቻላል። የሚያሳስበኝ ከበቀለ በኋላ ያለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። እነዚህን አበቦች ከብርድ ይልቅ ሥራቸው ሥር የሚተኛ ውሃ ይገድላቸዋል። እዚህም ቢሆን እርጥብ በሆነው ወቅት ከጣሪያ ሥር አስጠጋቸዋለሁ።

የመጨረሻው ስህተት ፖቱን ቶሎ መድፋት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ፖቶቼን ልደፋቸው ነበር፤ ስንፍና አዳናቸው። በሁለተኛው ሚያዝያ ከጠጠሩ መሀል ሁለት ቅጠል ያላት፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። የጄንሺያን ትሁን ፕሪሙላ የምትባለው የሌላዋ አበባ ግን አላወቅኩም። ስሟን የጻፍኩት በማርከር ነበርና ፀሐይ አጥፍቶታል። እርሳስ አይጠፋም፣ በእርሳስ ጻፉ። ማንነቷን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማያዊ ስታብብ ነው።