የሚበላውን የሜዳ እንጉዳይ ከመርዛማው እንዴት እንለያለን?

ክረምቱ ሲገባ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በይጎፍ ደን ዳርም ሆነ በግጦሽ ሜዳው ላይ የጅብ ጥላ ብቅ ብቅ ይላል። ነጭ ባርኔጣ ያለው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አጋሪከስ የሚባለው የሜዳ እንጉዳይ ይበላል፤ ከአማኒታ ወገን አንዳንዱ ደግሞ ጉበት ያጠፋል።

መጀመሪያ፣ ከሥሩ ቆፍረው ያውጡት። ከአፈር በላይ በቢላዋ መቁረጥን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዋናው ማስረጃ መሬት ውስጥ ይቀራልና። ገዳዩ አማኒታ ግንዱ የሚነሣው ከነጭ ከረጢት ውስጥ ነው፤ አጋሪከስ ይህ የለውም። አንገት ላይ ያለው ቀለበት በሁለቱም ስለሚገኝ አይለይም። ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ከሆነ አይልቀሙ።

ባርኔጣውን ገልብጠው ሽንሽኑን ይዩ። የአጋሪከስ ሽንሽን ሮዝ ሆኖ ይጀምርና እያደር ወደ ጥቁር ቡኒ ይለወጣል። ነጭ ሽንሽን ካዩ ይጣሉት።

የግንዱን ታች በጥፍር ይፋቁ። ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነና የጽሕፈት ቀለም ከሸተተ፣ አጋሪከስ ቢሆንም ሆድ የሚያውክ ዓይነት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ከሽንሽኑ የሚረግፈው ዱቄት ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያስጠብቃልና። ግንዱን ከባርኔጣው ሥር ይቁረጡ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ ነጭ ዱቄት በነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። ነፋስ እንዳይነካው ብርጭቆ ይድፉበት። ጠዋት ሲያነሡት የረገፈው ዱቄት ጥቁር ቡኒ ከሆነ ከአጋሪከስ ጋር ይገጥማል። ነጭ ከሆነ አማኒታ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሮፊለም የተባለው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያስመልሰው ነው። የስልክ ፎቶ ይህን ፈተና አይተካም።

ከምልክቶቹ አንዱ እንኳ ካልገጠመ ሁሉንም ይጣሉ። ሁሉም ቢገጥም፣ ለጀማሪ የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ሳያይለት ድስት ውስጥ መግባት የለበትም። የብር ቀለበት መርዙን ያጠቁረዋል፣ ከብት የበላው አይጎዳም የሚሉትን ፈጽሞ አይመኑ። የአማኒታ መርዝ በመቀቀልም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም።

የበላ ሰው ከበላ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ ማስመለስና ተቅማጥ ከጀመረው የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በማግስቱ የተሻለው መስሎ ቢታይም አትመለሱ፤ ጉበቱ የሚጎዳው በዚያው ጊዜ ነው።