ስለት ከማድረስ በፊት ዕዳን መመለስ፦ በውስጥ እውነት ለመኖር ለሚሹ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል የአምባሰልን ዳገት ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ስለት ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ጃንጥላ የሚያስገባ አለ፣ ዕጣንና ጧፍ የሚያስገባም አለ። ስለትን በወቅቱ ማድረስ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ስለቱን ሳያዛንፍ የሚያደርስ ሰው ከጎረቤቱ የተበደረውን ጤፍ ሁለት ክረምት አሳልፎ ዝም ካለ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ጉድለቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት ነገር እንዳለ ቢያስብ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። በውስጥ እውነት መኖርን ከጸሎት ብዛት ይልቅ ከዕዳ ቆጠራ እንዲጀምሩት የምመክረው ለዚህ ነው።

ከጉዞው ወይም ከቁርባን አስቀድሞ አንድ ምሽት ለብቻዎ ተቀምጠው፣ ያልመለሱትን ገንዘብና እህል፣ ቃል ገብተው ያልፈጸሙትን ነገር፣ ስሙን በሐሰት ያነሡትንም ሰው በወረቀት ይጻፉ። «አንዳንድ ሰዎችን አስቀይሜአለሁ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ስምና መጠን ያስፈልጋል። ዘኬዎስም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው በቁጥር ነው። አበዳሪው ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይመልሱ። ወሎ ውስጥ ደግሞ አበዳሪው ሙስሊም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ የሚቀባበሩ ሰዎች ባሉበት አገር «የእምነቴ ሰው አይደለም» የሚል ሰበብ ዕዳውን በአንዲት ቁና አይቀንሰውም። እንዲያውም ክርስትናዎን በየቀኑ ከቅርብ የሚያየው እርሱ ነው።

ገበያ ላይ ፈተናው በምላስ ይመጣል። ሰኞ ባቲ ወጥቶ በሬ የሚሸጥ ሰው የእመቤታችንን ስም እየጠራ ሲምል መስማት አዲስ አይደለም። መሐላውን ይተዉት፤ ወንጌሉ የሚጠይቀው አዎን ያሉት አዎን፣ አይደለም ያሉት አይደለም እንዲሆን ነው። በሬው ተዋጊ ከሆነ ወይም ከእርሻ መካከል የሚተኛ ከሆነ፣ ገዢው ሳይጠይቅ፣ ዋጋም ሳይነጋገሩ ይንገሩት። በዚህ ምክንያት ዋጋው እንደሚወርድ አልክድም፤ ከመጀመሪያውም የበሬው ዋጋ ያ የወረደው ነበር።

ሰው ከሁሉም ይልቅ ራሱን የሚያታልልበት ቦታ ግን ንስሐ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ለዓመታት «ሐሜት አለብኝ» እያልኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ አንድ ቀን የነፍስ አባቴ «ማንን? ምን ብለህ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ፤ ለካ መናገር የማልፈልገውን በጠቅላላ ቃል ሸፍኜው ነበር። ስለዚህ ድርጊቱን በስሙ ይጥሩት፤ «ሰው አሳስቶኝ ነው» የሚለውን የአዳምን ምክንያት ይተዉት፤ የባለቤትዎን ወይም የጎረቤትዎን ኃጢአት እርስዎ አይናዘዙላቸው። በጣም የሚያፍሩበትን ነገር ለመጨረሻ አያቆዩት፣ ተራው እስኪደርስ ድፍረቱ ያልቃልና መጀመሪያ ይናገሩት። ቀኖና ሲሰጥዎም ስግደቱና ጾሙ የሰው ንብረት መመለስን እንደማይተካ ልብ ይበሉ።

ስለ ጾም የምለው ጥቂት ነው፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው ፊትን አጠውልጎ መታየት አያስፈልግም፤ በሕመም ምክንያት የነፍስ አባትዎ ፈቅደውልዎ ከበሉም በሰው ፊት ጾመኛ መስለው አይቀመጡ።

ይህን ሁሉ እየተጠነቀቁም ምላስ ማምለጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ሳያድር ወደ ሰውየው ሄደው «ጠዋት የነገርኩዎት ልክ አልነበረም፤ እውነቱ ይህ ነው» ይበሉት፤ ምክንያት አይደርድሩ፤ ቢቆጣም ቁጣውን እስከ መጨረሻው ሰምተው ይመለሱ።